ክሩዝ ኮንትሮልና የአሽከርካሪው እግር፦ የማሽከርከር ልማድ በነዳጅ ወጪ ላይ ያለው ድርሻ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ የሆነችው አዲስ ቅዳም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ አልፎ ወደ ዳንግላና ባሕር ዳር በሚዘልቀው ዋና አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ድንች የጫነ አይሱዙ፣ ከዲከረንስ ዛፍ የተመረተ ከሰል እስከ ሰማይ የከመረ የጭነት መኪና፣ መንገደኛ ያሳፈረ ሚኒባስ፣ ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴና በከተሞች መካከል የሚሯሯጥ ባጃጅ ቀን ከሌት ይተላለፋሉ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። የሚያቃጥሉት ነዳጅ ከውጭ ሀገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በዋናነት በጅቡቲ ወደብ በኩል ተጓጉዞ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ የመጣ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መንግሥት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ ጎን ለጎን መነሣት ሲገባው ብዙ ትኩረት ያላገኘ ሌላ ጥያቄ አለ። ከማደያው የተቀዳው አንድ ሊትር ነዳጅ በእርግጥ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? የዚህን ጥያቄ መልስ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የአሽከርካሪው ልማድ ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ ሀገር የገቡ በርካታ ተሽከርካሪዎች የተወሰነ ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል የተገጠመላቸው በመሆናቸው፣ አንዳንድ ባለንብረቶች የነዳጅ ቁጠባን ከዚህ መሣሪያ መጠበቅ ጀምረዋል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይጠቅም፣ እንደ አዲስ ቅዳም ባለ ደጋማ መስመር ላይ ደግሞ ቁጠባው ከየት እንደሚገኝ ይተነትናል።

የዋጋው ሸክም ወደ ማን ተሸጋገረ?

በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ ለረጅም ዓመታት ከዓለም ገበያ በታች ሆኖ በመንግሥት ድጎማ ሲሸፈን ቆይቷል። በዚህ አሠራር የቤት መኪና ያለውም፣ የሕዝብ ማመላለሻ ያለውም፣ ነዳጁን ከድንበር የሚያሻግረው ኮንትሮባንዲስትም እኩል ይደጎሙ ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው በየደረጃው እንዲነሣና ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥ የሚያደርገው የታለመ ድጎማ ተግባራዊ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ደግሞ በዶላር የሚገዛው ነዳጅ በብር ሲተመን ከፍ እንዲል አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከ50 ብር በታች የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በጥር 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል።

የዚህ ለውጥ ትርጉም ግልጽ ነው። ቀደም ሲል በከንቱ የተቃጠለ ሊትር ኪሳራው በአብዛኛው የመንግሥት ካዝና ነበር። ዛሬ ኪሳራው የባለንብረቱ፣ የአሽከርካሪው፣ በመጨረሻም ታሪፍ የሚከፍለው መንገደኛና ድንቹን ወደ ገበያ የሚልከው አርሶ አደር ነው።

የነዳጅ ዋጋና የአሽከርካሪው ኑሮ መቆራኘት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨምሮ ነበር። በየካቲት ወር የታክሲ አሽከርካሪዎች ያደረጉት አድማ የዚያን ዘመን ፖለቲካ አቅጣጫ ከቀየሩት ክስተቶች አንዱ ሆኗል። በዚያው ቀውስ ወቅት አሜሪካ በአውራ ጎዳናዎቿ ላይ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም ወደ 89 ኪሎ ሜትር ዝቅ እንዲል በሕግ ደንግጋለች። የውሳኔው መነሻ ነዳጅ መቆጠብ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ፍጥነት የደኅንነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኢኮኖሚ ጉዳይም ሆኖ የቆየ መሆኑን ነው።

አንድ ሊትር ነዳጅ የት ይሄዳል?

ቁጠባውን ለመፈለግ በቅድሚያ ወጪውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ካለው ኃይል ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነው። የቀረው በሙቀት መልክ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይባክናል። ጎማውን ያዞረው ኃይል ደግሞ በአራት ነገሮች ላይ ይውላል። ክብደትን ከቆመበት አንሥቶ ለማስሮጥ፣ ዳገት ለመውጣት፣ አየርን ለመግፋትና የጎማን ሰበቃ ለማሸነፍ።

የመጀመሪያውን በምሳሌ እንመልከት። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 0.12 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈልጋል። አሽከርካሪው ፍሬን በያዘ ቁጥር ይህ የተገዛ ኃይል በፍሬን ሸራው ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ለስሌት እንዲመች አንድ ሊትር በ100 ብር ቢታሰብ፣ አስቀድሞ ቢታይ ኖሮ ሊቀር ይችል የነበረ አንድ ሙሉ ማቆም 12 ብር ያህል ያስወጣል ማለት ነው። በአንድ ጉዞ ላይ እንዲህ ያለ አላስፈላጊ ማቆም ሃያ ጊዜ ቢደጋገም ከ2 ሊትር በላይ ይባክናል።

ሁለተኛው ወጪ ዳገት ነው። አንድ ቶን ክብደትን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 0.8 ሊትር ገደማ ናፍጣ ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 10 ቶን መኪና ከዓባይ ወንዝ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ቢያንስ 8 ሊትር ያቃጥላል። ይህን ወጪ የትኛውም ብልሃት ሊያስቀረው አይችልም። አሽከርካሪው በእጁ ያለው፣ ሽቅብ በተከፈለበት ኃይል ቁልቁል ሲወርድ በአግባቡ መጠቀም ነው።

ሦስተኛው የአየር ግፊት ነው። የአየር መቋቋም ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየር መቋቋሙ በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲባል ፍጥነቱ የሚጨምረው በ25 በመቶ ሲሆን የአየር መቋቋሙ ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። ከአዲስ ቅዳም እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ በ100 ፈንታ በ80 የተጓዘ ሰው የሚዘገየው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በእውነተኛው መንገድ ላይ፣ በየከተማው ባጃጅ፣ እግረኛና ከብት ባለበት፣ ልዩነቱ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ነዳጁ ግን ሳይቀነስ ይከፈላል።

አራተኛው የጎማ ሰበቃ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ተለጥጦ ስለሚንከባለል ሞተሩን ያደክማል። በአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት መረጃ መሠረት የትናንሽ መኪኖች ጎማዎች ንፋስ ከሚገባው በአንድ ፒኤስአይ ባነሰ ቁጥር የነዳጅ ፍጆታው 0.2 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ጎማዎቹ ዐሥር ፒኤስአይ ጎድለው ለወራት የሚሄድ መኪና ግን በየሃምሳው ሊትር አንድ ሊትር ይጥላል።

ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ ምንም ርቀት የማያስኬድ አምስተኛ ወጪ አለ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር። አንድ ከባድ የጭነት መኪና ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ሊያቃጥል ይችላል። መንገደኛ በመጠበቅ፣ ጭነት በማውረድ ወይም ስብሰባ እስኪያልቅ በመቆም የሚቃጠለው ነዳጅ የትኛውም መዝገብ ላይ እንደ ብክነት አይጻፍም፤ ከማደያ ሲቀዳ ግን ይከፈልበታል።

ክሩዝ ኮንትሮል፦ የት ይጠቅማል? የት ይጎዳል?

የክሩዝ ኮንትሮል ፈጣሪ ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በልጅነቱ ዐይነ ስውር የሆነው ይህ ሰው መኪና ነድቶ አያውቅም። ሆኖም በሌሎች ሰዎች መኪና ሲጓዝ ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ሲጨምርና ሲቀንስ በሰውነቱ ይሰማው ነበር። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን በ1950 እ.ኤ.አ. ያገኘ ሲሆን፣ መሣሪያው በ1958 እ.ኤ.አ. በክራይስለር ኩባንያ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀርቧል። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ጨመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰው እግር ለረጅም ሰዓት በአንድ ልክ ሊጸና አይችልም። ሳይታወቀው ይጫናል፤ ደንግጦ ይለቃል፤ ተመልሶ ይጫናል። መሣሪያው ይህን መዋዠቅ ያስወግዳል።

በሀገራችን መሣሪያው በተሟላ ሁኔታ የሚጠቅምባቸው መንገዶች እንደ አዲስ አበባ–አዳማና ከሞጆ ወደ ባቱ እንደሚወስደው ያሉ የፍጥነት መንገዶች ናቸው። እግረኛና ከብት የማይገባባቸው፣ አቅጣጫቸው የተለየና ዳገታቸው ለስላሳ በመሆኑ ፍጥነትን ለረጅም ጊዜ በአንድ ልክ መጠበቅ ይቻላል። እዚያም ቢሆን ቁጠባው የሚገኘው በተመረጠው የፍጥነት ልክ ነው። ክሩዝ ኮንትሮሉን 120 ላይ ያሰረ አሽከርካሪ እግሩን አርግቶ በ90 ከሚጓዘው የበለጠ ነዳጅ ያቃጥላል።

ወደ አዊ ደጋ ስንመለስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ኮረብታማ በሆነ መንገድ ላይ መደበኛው ክሩዝ ኮንትሮል ፊት ለፊቱ ያለውን ዳገትም ቁልቁለትም አያይም። ዳገት ሲጀምር ፍጥነቱ እንዳይወርድ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስም ቁልቁለቱ ራሱ ሊሰጠው የሚችለውን ፍጥነት በነዳጅ ገዝቶ ይጨርሳል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ከዚህ በተቃራኒ ይሠራል። ከዳገቱ በፊት ባለው ሜዳ ላይ ጉልበቱን ያጠራቅማል፤ ሽቅቡ ላይ ፍጥነቱ በተወሰነ ደረጃ እንዲቀንስ ይተወዋል፤ ጫፉ ላይ ከመድረሱ በፊት እግሩን ያነሣል። የአዊ ፈረሰኛ ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። ፈረሱን ዳገት ላይ የሚያስጋልብ ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ የደከመ ፈረስ እንደሚቀረው ያውቃል።

መሣሪያው የደኅንነት ገደብም አለው። የአዊ ዞን ከባድ ክረምት ከሚዘንብባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በረጠበ አስፋልት ላይ ጎማው ቢንሸራተት ክሩዝ ኮንትሮል ችግሩን ሳይረዳ ነዳጅ መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል። በጭጋግ፣ በጠመዝማዛ መንገድ፣ በገበያ ቀንና በከተማ ውስጥም መጠቀም አይገባም። በንግድ ተሽከርካሪዎች ላይ ሲገጠም የቆየው የፍጥነት መገደቢያ ከዚህ የተለየ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። የፍጥነት መገደቢያ ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይኬድ ይከለክላል እንጂ ከዚያ በታች ያለውን የአነዳድ መዋዠቅ አያስተካክልም።

በዳገትና ቁልቁለት መንገድ ላይ ያሉ ሦስት ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጉዳይ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ የመውረድ ልማድ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ማርሹን ዜሮ አድርገው ሲወርዱ ነዳጅ የሚቆጥቡ ይመስላቸዋል። ይህ እምነት የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት ነው። ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት የኢንጀክሽን ቤንዚን ሞተሮችም ሆኑ የናፍጣ ሞተሮች፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የነዳጁን አቅርቦት ያቋርጣሉ። ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሞተር ፍሬን ስለሚጠፋ ሸክሙ ሁሉ በእግር ፍሬን ላይ ይወድቃል። የዓባይ በረሃን የመሰለ ረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን የሚያስከትለውን አደጋ ለዚህ መስመር አሽከርካሪዎች መንገር አያስፈልግም። ዜሮ ማርሽ ነዳጅም ሕይወትም ያባክናል።

ሁለተኛው የጭነት ዓይነት ነው። ከአዲስ ቅዳምና ከአካባቢዋ የሚወጡት ሁለቱ ዋና ዋና ጭነቶች፣ ድንችና ከሰል፣ ነዳጅ የሚፈጁበት መንገድ የተለያየ ነው። ድንች ከባድ ሆኖ ቦታው ትንሽ ነው፤ ወጪው ዳገት ላይና በየማቆሚያው ነው። ድንች የጫነ አሽከርካሪ አላስፈላጊ ማቆምን ቢቀንስና ማርሹን በወቅቱ ቢቀይር ብዙ ይቆጥባል። ከሰል በአንጻሩ ቀላል ሆኖ ቦታው ሰፊ ነው። ከጋቢናው በላይ ተከምሮ ሲጫን ለአየር ግፊት ግድግዳ ይሆናል። ለከሰል ጫኝ ዋናው ቁጠባ ፍጥነትን መቀነስና ጭነቱን በአግባቡ አስተካክሎ፣ ሸራውን አጥብቆ ማሰር ነው። በሚኒባስና በቤት መኪና ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላም እንዲሁ ነው። በተጠቀሰው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት መረጃ መሠረት በጣሪያ ላይ የሚጫን ትልቅ ሣጥን በአውራ ጎዳና ላይ የቤት መኪናን የነዳጅ ቅልጥፍና ከ6 እስከ 17 በመቶ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ይህ ለአየር ግፊቱ መልካም ዜና ቢሆንም ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። በተለይ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ የተሰጠውን ነዳጅ ሁሉ ለማቃጠል የሚበቃ አየር አያገኝም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ በሚገባ ሳይቃጠል የወጣ፣ ዋጋው ግን የተከፈለበት ናፍጣ ነው። መፍትሔው ማርሽ ዝቅ አድርጎ እግርን ማቅለልና የአየር ፊልትሮን በየጊዜው ማጽዳት ወይም መቀየር ነው። አቧራማ መጋቢ መንገዶች ላይ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ከመደበኛው ጊዜ ቀድመው ይህን ማድረግ ይገባቸዋል።

ልማድን የሚወስነው የገቢ አከፋፈል

እስከዚህ የተገለጸው ሁሉ አሽከርካሪው ቢያውቅ በቂ ነው የሚል ግምት ሊያሳድር ይችላል። እውነታው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። አሽከርካሪዎች የሚነዱት በእውቀታቸው ልክ ብቻ ሳይሆን በአከፋፈላቸው ልክም ነው።

የጭነት መኪና አሽከርካሪ በአብዛኛው አበል የሚያገኘው በቢያጆ ነው። ነዳጁን የሚሸፍነው ባለንብረቱ ሲሆን ጊዜውን የሚቆጥበው አሽከርካሪው ነው። ፈጥኖ ደርሶ ሌላ ቢያጆ ቢጨምር ትርፉ የእርሱ ነው፤ በፍጥነቱ ምክንያት የተቃጠለው ተጨማሪ ናፍጣ ግን የሌላ ሰው ወጪ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው «ቀስ ብለህ ንዳ» ማለት ከኪስህ አውጥተህ ለባለንብረቱ ስጥ ከማለት አይለይም። የሚኒባስ አሽከርካሪ ደግሞ በብዙ ቦታ ለባለንብረቱ የተወሰነ የቀን ገቢ አስገብቶ፣ ነዳጁን ችሎ የተረፈውን ይወስዳል። እርሱ ነዳጅ ለመቆጠብ በቂ ምክንያት አለው። ሆኖም ቀጣዩን መንገደኛ ሌላው እንዳይቀድመው ስለሚሰጋ፣ ተፈትልኮ መነሣትና በድንገት መቆም የሥራው ጠባይ ይሆናል። የመንግሥት ተቋማት ተሽከርካሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ነዳጁ በተቋሙ በጀት ተሸፍኖ፣ ፍጆታው ከተጓዘው ርቀት ጋር ካልተመሳከረ አሽከርካሪው የሚቆጥብበት ምክንያት አይኖረውም። በስብሰባ አዳራሾች በራፍ ላይ ሞተራቸው ሳይጠፋ ለሰዓታት የሚቆሙ መኪኖች የዚህ ማሳያ ናቸው።

ስለዚህ የማሽከርከር ልማድን መለወጥ የሚቻለው ቁጠባው ለሚቆጥበው ሰው ሲደርስ ነው። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚፈጅና በወር 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጭነት መኪና እንውሰድ። ወርኃዊ ፍጆታው 800 ሊትር ነው። በተሻለ አነዳድ 10 በመቶ ቢቀንስ 80 ሊትር፣ በ100 ብር ሒሳብ 8,000 ብር ይተርፋል። ባለንብረቱ የዚህን ግማሽ ለአሽከርካሪው ቢያካፍል ሁለቱም ያተርፋሉ። ዐሥር በመቶው የተጋነነ ግምትም አይደለም። ተጋፍቶና እየደነገጡ መንዳት የነዳጅ ቅልጥፍናን በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት መረጃ ያመለክታል። በሌሎች ሀገራት የተገኘው ልምድ እንደሚያሳየው ግን ከሥልጠና በኋላ የሚገኘው ቁጠባ ክትትል ሲጓደል በጊዜ ሂደት ይቀንሳል። ሥልጠናው ክትትል፣ ክትትሉም መለኪያ ያስፈልገዋል።

መለኪያው በእጃችን ነው

መለኪያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ታንከሩን እስከ አፉ መሙላት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ መመዝገብ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እስከ አፉ ሲሞላ የገባውን ሊትር በተጓዘው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ማባዛት ብቻ ነው። ውጤቱ መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈጀው ሊትር ነው። የአቅርቦት እጥረት ሲያጋጥምና ታንከር መሙላት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ የአንድ ወር ቅጂዎችን ደምሮ ለወሩ ርቀት ማካፈል ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በሌሎች ዲጂታል አማራጮች እንዲፈጸም መደረጉ ለዚህ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል። ቀድሞ ከማደያ ወጥቶ የሚጣለው ደረሰኝ አሁን በስልክ ላይ ቀን፣ ሰዓትና የገንዘብ መጠን ይዞ ይቀመጣል። አሽከርካሪው ከጎኑ የቆጣሪውን ንባብ ቢጽፍ የተሟላ የፍጆታ መዝገብ ይኖረዋል።

ይህ መዝገብ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የአነዳድ ለውጥ ያመጣውን ቁጠባ በቁጥር ያሳያል። ሁለተኛ፣ ፍጆታው ያለ ምክንያት ሲጨምር የተበላሸ ኖዝል፣ የታፈነ ፊልትሮ፣ የያዘ ፍሬን ወይም የተጓደለ የነዳጅ ልኬት መኖሩን አስቀድሞ ይጠቁማል። ያልተለካ ብክነት እንደ ዕጣ ፈንታ ይቆጠራል፤ የተለካ ግን ምክንያቱ ይፈለግለታል።

ከባለድርሻ አካላት የሚጠበቅ ተግባር

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር መጨመር የነዳጅ ጥገኝነትን በዘላቂነት ለመቀነስ የተያዘ አቅጣጫ ነው። ሆኖም በመንገድ ላይ ያሉት የናፍጣና የቤንዚን ተሽከርካሪዎች ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸውን ይቀጥላሉ። በተለይ የጭነት ዘርፉ ሽግግር ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተገለጸው አነዳድ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪም ላይ የሚሠራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቁልቁለት ላይ ኃይልን መልሶ ወደ ባትሪ የሚያስገባው አሠራር የሚጠቅመው አስቀድሞ አይቶ ረጋ ብሎ የሚነዳን ሰው ነው።

በመሆኑም የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ከሚሰጡት ሥልጠና ጋር በማያያዝ፣ ነዳጅ ቆጣቢ አነዳድን ከንድፈ ሐሳብ ባለፈ በተግባር፣ በተለይም በዳገትና ቁልቁለት መንገድ ላይ ማስተማር ይጠበቅባቸዋል። የትራንስፖርት ማኅበራት ለአባሎቻቸው የወር ፍጆታ መዝገብ አያያዝን ቢያስተዋውቁ፣ ባለንብረቶችም ቁጠባውን ከአሽከርካሪው ጋር የሚካፈሉበትን ስምምነት ቢፈጥሩ ውጤቱ በአጭር ጊዜ ይታያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕዝቡን ከመምከራቸው በፊት በራሳቸው ግቢ ያሉ ተሽከርካሪዎችን ፍጆታ ከርቀት ጋር አመሳክረው መያዝ ይገባቸዋል። መንገደኛውም ቢሆን «ፍጠን እንጂ፣ ቅደመው!» እያለ አሽከርካሪውን ከመገፋፋት መቆጠብ አለበት፤ የተገፋፋበት ፍጥነት ዞሮ ዞሮ በታሪፍ ይመለስበታልና።

ከአዲስ ቅዳም የሚነሣ አሽከርካሪ የዓለምን የነዳጅ ዋጋ መወሰን አይችልም። የዶላርን ምንዛሪም፣ የመንገዱን ዳገትም መለወጥ አይችልም። ከጉዞው በፊት ጎማውን ንፋስ ማስለካት፣ ጭነቱን አስተካክሎ ማሰር፣ ሲቆም ሞተሩን ማጥፋት፣ ፊት ለፊቱን አርቆ ማየትና ቁልቁለቱን በማርሽ መውረድ ግን ዛሬውኑ የሚችላቸው ናቸው። ክሩዝ ኮንትሮል ያለው በሜዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በልኩ ይጠቀምበት፤ የሌለውም ምንም አልቀረበትም። መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ፣ ከዚያም በላይ ዳገቱን አስቀድሞ የማየቱን ሥራ፣ ያወቀ እግር ይሠራዋል።